ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝና የክረምቱ መንገድ

በላስታ ደጋ መንገድ ወራት አለው። ከመስቀል በኋላ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ነጋዴው አህያውን እየነዳ፣ ተሳላሚው በትሩን ተመርኩዞ፣ ገበሬው የገበያ ሸክሙን ተሸክሞ የሚመላለስበት የእግር መንገድ፣ ሰኔ ሲጋመስ ጭር ይላል። ወንዙ ይሞላል፤ የዋልካው ጭቃ እግር ይይዛል፤ ከአቡነ ዮሴፍ ራስ የሚወርደው ጉም ገደሉንና ሜዳውን አንድ አድርጎ ይሸፍነዋል። በቀድሞው ዘመን ነገሥታቱም ቢሆኑ በእነዚህ ወራት ጦራቸውን ማንቀሳቀስ ልማዳቸው አልነበረም፤ ከሰፈሩበት ከርመው የመስከረምን ፀሐይ ይጠብቁ ነበር። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለአስጎብኚው ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር አለ። በሰሜን ኤውሮፓ አገሮች በክረምት በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች የተጠረገው ጎዳና፣ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ በቅጠልና በሣር መካከል የሚያልፍ የእግረኛ መንገድ ይሆናል። በዚያ ወራት የሚሄድበት ሰው ኮረብታውን ሲያይ፣ በረዶ የሸፈነውን ድንጋይና ረግረግ ሳይቀር ያያል። መንገድ ከተለመደው ወራቱ ውጭ ሲሄዱበት፣ በደጉ ጊዜ የሚሸሽገውን ነገር ይገልጣል።

ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዓይኑ አይቶ ለኤውሮፓ ሰዎች የመጀመሪያውን ሰፊ መግለጫ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ኢትዮጵያን ያወቀው በዚህ በተዘጋው ወራት መንገድ ገብቶ ነው። ስሙ በታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይጠራል። ነገር ግን የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነገሥታቱና ስለ ግቢያቸው ምስክር እንዲሆን ብቻ ነው። በእግሩና በበቅሎው የኢትዮጵያን ደጋ የለካው መንገደኛ አልቫሬዝ ግን ከምስክሩ አልቫሬዝ የሚለይ ሰው አይደለም። ቃሉን ያስታመነው መንገዱ ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አልቫሬዝ የኮይምብራ ከተማ ሰው ሲሆን፣ የተወለደውም በ1465 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ካህን ሆኖ በፖርቱጋል ንጉሥ በቀዳማዊ ማኑኤል ዘንድ ያገለግል ነበር። የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ከኢትዮጵያ የመጣ መልእክት ነው። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ የመንግሥቱን ሥራ በብልሃት ይመሩ የነበሩት ንግሥት እሌኒ፣ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ በ1509 ገደማ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ማቴዎስ በህንድ በኩል ዞሮ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ንጉሥ ማኑኤልም መልሱን የሚያደርስ መልእክተኛ መርጠው በ1515 ሲሰዱ፣ አልቫሬዝ የመልእክቱ ቄስ ሆኖ ተሾመ።

የኢትዮጵያን ምድር ለመርገጥ ግን አምስት ዓመት ፈጀ። በመልእክተኛነት የተሾመው ሽማግሌው ዱዋርቴ ጋልቫው በ1517 በቀይ ባሕር ውስጥ በካማራን ደሴት ሞተ። የፖርቱጋል መርከቦችም ምጽዋ ሳይደርሱ ወደ ህንድ ተመለሱ። በሚያዝያ 1520 የዲዮጎ ሎፔስ ደ ሴኬይራ መርከቦች ምጽዋ ሲደርሱ፣ ዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ በሟቹ ምትክ መልእክተኛ ሆኖ ወረደ። አልቫሬዝም አብሮት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አገሩን እንደገና ለማየት ሲጓጓ የኖረው ማቴዎስ ግን ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ በደብረ ቢዘን ገዳም ዐረፈ። ከዚያ በኋላ መልእክተኞቹ አገሩን የሚያውቀውን ሰው አጥተው ቀሩ።

ከደባርዋ ተነሥተው ወደ ደቡብ ጉዞ የጀመሩት ክረምቱ ሲገባ ነው። የአገሩ ሰዎች ክረምት ከሰኔ እኩሌታ እስከ መስከረም መግቢያ እንደሚዘልቅና በዚህ ጊዜ ውስጥ መንገድ መሄድ እንደማይለመድ ነገሯቸው። መልእክተኛው ግን መቆየትን አልፈለገም። በዚህ ምክንያት የትግራይን ምድር ያቋረጡት ዝናም እየወረደባቸው ነበር፤ ወደ አንጎት የደረሱትም ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በዚያ ጊዜ አልቫሬዝ ዕድሜው ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር።

ያለ ወራቱ መሄዳቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። አንድ ቀን በደረቅ ወንዝ ዳር ዐርፈው ሳሉ የነጎድጓድ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ ከዚያም ደረቅ የነበረው ሸለቆ ድንገት በጎርፍ ተሞላ። የደጋውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም፤ ዝናሙ በራስጌ ወርዶ ጎርፉ በግርጌ ይደርሳልና፣ በክረምት ከወንዝ ውስጥ ማደር ቀርቶ ማረፍም አይገባም። እንግዳው ግን ይህን የተማረው ጎርፉን በዓይኑ አይቶ ነው። አልቫሬዝ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ጻፈው እንጂ ስሕተታቸውን አልሸሸገም።

የሚሸሽጉትን ሌላ ነገርም አልሸሸገም። መልእክተኞቹ የንጉሥ እንግዶች ስለነበሩ፣ ጓዛቸውን ከመንደር ወደ መንደር ተቀባብሎ የሚሸከመው ገበሬው ነበር። ቀለባቸውንም የሚያቀርበው እርሱ ነበር። አጃቢ ሆኖ የተሰጣቸው መነኩሴ፣ ሸክሙ ወይም ቀለቡ ሲዘገይ የመንደሩን ሹሞች እስከ መደብደብ ይደርስ እንደነበረ አልቫሬዝ መዝግቧል። ይህም በክረምት፣ የዱሮው እህል በጎተራ ባለቀበትና አዲሱ ባልደረሰበት ወራት መሆኑ ሲታሰብ፣ እንግዳን መቀበል በገበሬው ላይ ምን ያህል ሸክም እንደነበረ ይገባል። በደረቁ ወራት የመጣ እንግዳ የሚያየው የተከመረውን ነዶና የሞላውን አውድማ ነው። አልቫሬዝ ግን ያየው ጎተራው የጎደለበትን ሰው ነበር።

አንበጣ ያጠፋውን አገርም አይቷል። መንጋው እህሉን ከጨረሰው በኋላ ወንድና ሴት፣ ሕፃናትም ጭምር፣ አገር ለቀው በየመንገዱ ሲጓዙ ተመልክቶ ስለ እነርሱ በዝርዝር ጽፏል። ከአገሩ ካህናትና ሕዝብ ጋር ሆኖ ስለ አንበጣው ምሕላ እንዳደረገም ተርኳል። በቤተ መንግሥት ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለው ጥፋት ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ነው። በመንገድ ላይ ላለው ግን ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ነው።

ጎዳናው ከአንጎት ወደ አማራ ሲያቀና፣ የንጉሥ ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ግሸን በአጠገባቸው ነበር። ከመንገዱ ስተው ወደ አምባው ግርጌ የተጠጉት እንደ ሆነ፣ ጠባቂዎቹ በድንጋይ አባረሯቸው። በዚያ አገር መንገድ መሳት ድካም ብቻ ሳይሆን፣ የተከለለውን ስፍራ መድፈርም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተረዱ። በሐይቅ እስጢፋኖስም አልፈው የደሴቱን ገዳምና በውኃው ውስጥ የሚኖሩትን ጉማሬዎች አይተዋል። ከዚያ ወዲያ፣ በአማራና በሸዋ መካከል ያለውን ታላቅ ገደል የሚያሻግሩትን በሮች አልፈዋል። ከእነዚህ አንደኛው አህያ ፈጅ ይባል ነበር፤ አልቫሬዝም የስሙን ትርጉም ጠይቆ መዝግቦታል። ስሙ ራሱ ለመንገደኛ ማስጠንቀቂያ ነበርና፣ የአገሩ ሰው ጉዞውን ከሚያሳይ ካርታ በፊት በስም ይመራ እንደነበረ ከዚህ ይታያል።

በጥቅምት 1520 ከዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ዓመት በኅዳር ገደማ ፊት ለፊት ተቀበሏቸው። በዚያም ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖረውን ፖርቱጋላዊ፣ ፔሮ ደ ኮቪልሃውን አገኙ። ፔሮ በንጉሡ ዘንድ ተከብሮ ርስትም ሚስትም ተሰጥቶት ይኖር ነበር፤ ሆኖም ወደ አገሩ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። አልቫሬዝ ስለ ንጉሡ ግቢ፣ ስለ ጥምቀት በዓል፣ ስለ ሽማግሌው ጳጳስ አቡነ ማርቆስና ስለ ክህነት አሰጣጥ የጻፈው ሁሉ በዚህ ጊዜ ያየው ነው። በሃይማኖት ጉዳይም ከንጉሡ ጋር ብዙ ተጠያይቋል። ከገዛ ጓደኞቹ መካከል ግን ሰላም አልነበረም። ዶም ሮድሪጎና ጆርጅ ደ አብሬው ተጣልተው መልእክቱን አሳፈሩት፤ ቄሱም በሁለቱ መካከል ሽማግሌ ሆኖ ሲደክም ኖረ።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየው በዚሁ በስድስት ዓመቱ ቆይታ ውስጥ ነው። በላስታ ያየውን ለመረዳት የመልክዓ ምድሩን አቀማመጥ ማሰብ ያስፈልጋል። ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የተከዜ ወንዝ የሚመነጨውም ከዚሁ ከላስታ ነው። አገሩ ከአምባ ወደ ሸለቆ፣ ከሸለቆ ወደ አምባ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ በዓይን ቅርብ የሚመስለው ቦታ በእግር የቀን መንገድ ይሆናል። አብያተ ክርስቲያናቱም በዚህ አገር ጠባይ የተሠሩ ናቸው። ከሩቅ አይታዩም፤ ወደ መሬት ውስጥ የወረዱ ስለሆኑ ከአፋፋቸው ላይ ካልቆሙ በቀር ጣሪያቸውም እንኳ አይገለጥም።

አልቫሬዝ በቅድሚያ ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይተርካል። ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተነባብሮ የታነጸ ነው። ቄሱ የዋሻውን ስፋት የለካው በመርከበኛ መስፈርት ነበር፤ ሦስት ታላላቅ መርከቦች ከነምሰሷቸው ሊገቡበት እንደሚችሉ ገመተ። ሊዝበን ላሉ አንባቢዎቹ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አልነበረውም። አንድን እንግዳ ነገር ላላየ ሰው ማስረዳት የሚቻለው ያ ሰው በሚያውቀው ነገር መሆኑን አልቫሬዝ በሚገባ ያውቅ ነበር።

ላሊበላ ሲደርስ ሥራውን በተለየ ትጋት ሠራ። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ በየስማቸው እየጠራ፣ ርዝመታቸውንና ስፋታቸውን በስንዝር እየለካ፣ ምሰሶውን፣ በሩን፣ መስኮቱን እየቆጠረ መዘገበ። በቤተ ጎልጎታ የሚገኘውን የንጉሥ ላሊበላን መቃብርና ወደዚያ የሚጎርፈውን ተሳላሚ ጠቀሰ። ቤተ መድኃኔ ዓለም በግምት 33 ሜትር ርዝመት፣ 23 ሜትር ወርድና 11 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሕንፃ ነው። ለብቻው የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸ ሲሆን፣ በጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ መስቀሎች አሉት። እንዲህ ያለውን ሥራ በዓይኑ ያላየ ኤውሮፓዊ ያምናል ብሎ መገመት ለአልቫሬዝ ከባድ ነበር።

በዚህ ምክንያት በመጽሐፉ ውስጥ እንግዳ ነገር አደረገ። ስለ እነዚህ ሕንፃዎች ከዚህ በላይ ቢጽፍ አንባቢ እንደማያምነው፣ እስካሁን የጻፈውንም ሐሰት እንዳይሉበት እንደሚፈራ ገልጾ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ማለ። በሌላ ስፍራ ስለ ንጉሡ ብዛት ያለው ሀብትና ስለ ጦሩ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ብርቱ መሐላ አላስፈለገውም። መሐላ ያስፈለገው በላስታ አለት ፊት ነው።

መሐላው ግን የቃሉ መሠረት አይደለም። የቃሉ መሠረት ያየውን ከሰማው መለየቱ ነው። ሕንፃዎቹ በሃያ አራት ዓመት እንደተሠሩና የሠሯቸውም ነጭ ሰዎች እንደሆኑ ጽፏል። ይህን የጻፈው ግን የአገሩ ሰዎች እንደነገሩት አድርጎ ነው እንጂ፣ እንደለካው ርዝመትና ወርድ በራሱ ምስክርነት አይደለም። የኋላ ዘመን ሊቃውንት አለቱን፣ አሠራሩንና የአብያተ ክርስቲያናቱን አቀማመጥ መርምረው፣ ሕንፃዎቹ በአገሩ ልጆች ጥበብ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ዘመን የተሠሩ መሆናቸውን አስረድተዋል። ስለዚህ የሰማው ወሬ ወድቋል፤ ያየው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ሁለቱን ቀላቅሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የወሬው መውደቅ ምስክርነቱንም ይዞት በወደቀ ነበር።

በሚያዝያ 1526 መልእክተኞቹ ከምጽዋ በመርከብ ተነሥተው፣ በሐምሌ 1527 ሊዝበን ገቡ። ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የተላከው ካህኑ ጸጋ ዘአብም አብሯቸው ነበር። ሐኪሙ ዦአው ቤርሙዴዝና ሠዓሊው ላዛሮ ደ አንድራዴ ግን በኢትዮጵያ ቀሩ። አልቫሬዝ በአገሩ ሹመት ቢሰጠውም ሥራው በዚያ አላበቃም፤ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤዎች ይዞ ወደ ኢጣልያ ሄደና፣ በ1533 በቦሎኛ ከተማ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለሰባተኛ ክሌመንት አቀረበ። ጸጋ ዘአብ በበኩሉ የአገሩን ሃይማኖት ለማስረዳት ብዙ ዓመት በፖርቱጋል ደክሟል።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ በ1540 በሊዝበን ታተመ። በርእሱም ውስጥ እውነተኛ የሚል ቃል አለበት። እርሱ ራሱም ያረፈው መጽሐፉ በታተመበት ዘመን አካባቢ ነው። በ1550 ራሙዚዮ በኢጣልያንኛ አሳተመው፤ ከዚያም በሌሎች የኤውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጎመ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1881 ወጥቶ፣ በ1961 በቤኪንግሃምና በሃንቲንግፎርድ ታርሞ እንደገና ቀርቧል።

መጽሐፉ ሲታተም ግን የተጻፈበት አገር ሌላ ሆኖ ነበር። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ድል ካደረገ በኋላ ጦርነቱ ወደ ደጋው ዘለቀ። አልቫሬዝ የገለጻቸው እንደ መካነ ሥላሴ ያሉ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት በ1531 ተቃጠሉ። ጦሩ እስከ ላሊበላም ደርሷል፤ ከአለት የተፈለፈሉት ሕንፃዎች ግን በስፍራቸው ቀሩ። ዐፄ ልብነ ድንግልም ከአምባ ወደ አምባ እየሸሹ ኖረው፣ በዚያው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። መልእክቱ የተላከበት ተስፋና መልእክቱን የተቀበሉት ንጉሥ በአንድ ላይ ባለፉበት ዓመት፣ የቄሱ መጽሐፍ ተወለደ ማለት ነው። ከዚያ ጦርነት በፊት የነበረችው ኢትዮጵያ በመንገደኛ ዓይን ምን ትመስል እንደነበረ ከዚህ የሰፋ የውጭ ምስክር የለም።

አልቫሬዝ ከለካቸው በኋላ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የእግር መንገዱም አልተዘነጋም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በመቄትና በላስታ የገበሬው ማኅበረሰብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የመንገደኛ ማረፊያዎች ተሠርተው፣ እንግዳው ለሚበላውና ለሚያድርበት ለገበሬው የሚከፍልበት ሥርዓት ተጀምሯል። በአልቫሬዝ ዘመን እንግዳ ሲመጣ በዱላ ይወሰድ ከነበረው ቀለብ ጋር ሲመዛዘን፣ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ለአስጎብኚ ሙያ የቄሱ ሕይወት ሁለት ነገር ያስቀራል። አንደኛው፣ አገር በደጉ ወራት ብቻ አይታወቅም። ወንዙ የት እንደሚሞላ፣ ገበሬው በየትኛው ወር እንደሚቸገር፣ መንገዱ በየት በኩል እንደሚሰብር የሚያውቀው በክረምትም የሄደበት ሰው ነው፤ በጥቅምት እንግዳውን በደህና የሚመራውም እርሱ ነው። ሁለተኛው፣ በእንግዳ ፊት ቆሞ ይህን አይቻለሁ፣ ይህን ሰምቻለሁ ብሎ ለይቶ መናገር ነው። አፈ ታሪኩ ይነገር፤ ውበትም ክብርም አለውና። ነገር ግን አፈ ታሪክ ተብሎ ይነገር። አልቫሬዝ በሰማው ተሳስቷል፤ ባየው ግን ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም ዛሬ መጽሐፉን ይዞ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም የሚወርድ ሰው ሕንፃውን ያውቀዋል።